አቶምን ከብርሃኑ ጀምሮ ማስተማር፦ ለኳንተም ፊዚክስ መምህራን የተዘጋጀ መመሪያ

የአቶምን ኳንተም ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ብዙውን ጊዜ ሰሌዳው ላይ አንድ ወፍራም ነጥብ አድርጎ፣ በዙሪያው ክብ መስመሮችን ስሎ፣ በመስመሮቹ ላይ ትንንሽ ነጥቦችን በመደርደር ይጀምራል። ሥዕሉ ለመሳል ቀላል፣ ለማስታወስም ምቹ ስለሆነ ተማሪው ከአእምሮው አያወጣውም። ከሳምንታት በኋላ ስለ ሞገድ፣ ስለ ዕድልና ስለ ኦርቢታል (ኤሌክትሮኑ የመገኘት ዕድል ስላለው ክልል) ሲነገረው አዲሱን ትምህርት የሚቀበለው በዚያው ሥዕል ላይ እንደተጨመረ ማስጌጫ ነው። ለዓመታት እኔም እንዲሁ ሳስተምር ቆይቼ፣ ፈተናውን በጥሩ ነጥብ ያለፉ ተማሪዎች ከፈተናው ማግስት ኤሌክትሮኑን እንደ ፕላኔት ሲያዞሩት ሳይ ጥፋቱ የቅደም ተከተሉ መሆኑን ተረዳሁ፤ ጥያቄው ሳይነሳ መልሱን ሰጥቻቸው ነበር።

እዚህ የማቀርበው አካሄድ ከብርሃን ይነሳል። የፊዚክስ ሊቃውንት የአቶምን አሠራር የደረሱበት በዋናነት አቶሙ የሚለቀውንና የሚውጠውን ብርሃን በመለካት ነው፤ ተማሪውም በዚያው መንገድ ቢሄድ እያንዳንዱ አዲስ ሐሳብ ምን ቸግሮ እንደመጣ ያውቃል። መመሪያው ለሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎችና ለዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ይሆናል። ተማሪዎቹ የሞገድ ርዝመትና ድግግሞሽ እንዴት እንደሚዛመዱ፣ ተቃራኒ ቻርጆች እንደሚሳሳቡ፣ የእንቅስቃሴ ኢነርጂና እምቅ ኢነርጂ ምን እንደሆኑ ካወቁ ይበቃቸዋል። ካልኩለስ አያስፈልግም፤ ክፍልፋይን ሳይፈሩ ማስላት ግን የግድ ነው።

ከትምህርቱ በፊት የሚሰበሰብ ወረቀት

ለእያንዳንዱ ተማሪ ባዶ ወረቀት ሰጥተው የሃይድሮጅንን አቶም እንዲስል፣ ከሥሩም «ኤሌክትሮኑ አሁን ምን እያደረገ ነው?» ለሚለው ጥያቄ በሁለት ዓረፍተ ነገር መልስ እንዲጽፍ ይጠይቁት። ወረቀቱን ሰብስበው ያስቀምጡት እንጂ አያርሙት፣ ነጥብም አይስጡበት። አብዛኛው ወረቀት የፀሐይንና የፕላኔቶችን ሥርዓት የሚመስል ሥዕል ይዞ ይመጣል። ጥቂቶች ደመና ይስሉና ከሥሩ «ኤሌክትሮኑ እጅግ ስለሚፈጥን ደመና ይመስላል» ብለው ይጽፋሉ። ይህኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይልቅ ስውር ነው፤ ምክንያቱም ሥዕሉ ትክክል መስሎ ሳለ ተማሪው በልቡ የያዘው እንደሚሽከረከር ማራገቢያ ክንፍ ያለ ነገር ነው፤ ክንፉ በየቅጽበቱ አንድ ቦታ ላይ አለ፣ ዓይን ግን አልደረሰበትም። የትኛው ስህተት በክፍልዎ ውስጥ እንደሚበዛ አስቀድመው ካወቁ የት ቦታ ላይ መቆየት እንዳለብዎ ይገባዎታል።

ብርሃኑን መበተን

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለዓይን ይሰጥ። ትምህርት ቤቱ የሃይድሮጅን ጋዝ ቱቦና ብርሃን የሚበትን ጭረታም ፊልም ካለው በጣም ጥሩ ነው። ከሌለው አሮጌ ሲዲ ይበቃል፤ በሲዲ ላይ ያሉት ጭረቶች እርስ በርሳቸው 1.6 ማይክሮሜትር ያህል ስለሚራራቁ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 625 ገደማ ጭረቶች አሉ ማለት ነው፣ ይህም ለዚህ ሥራ ከሚሸጡት ፊልሞች ከብዙዎቹ ጋር የሚቀራረብ ነው። ብርሃን የማያስገባ የካርቶን ሳጥን ወስደው በአንዱ ጫፍ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ያብጁ፤ ሁለት ምላጮችን ጎን ለጎን አስጠግቶ በፕላስተር መለጠፍ ከሁሉ የተሻለ ስንጥቅ ይሰጣል። በሌላኛው ጫፍ የሲዲውን ቁራጭ አጋድመው ይለጥፉ፣ ከበላዩም ዓይን የሚያስጠጉበት ቀዳዳ ይክፈቱ። ቀለሞቹ ካልታዩ ብዙውን ጊዜ የሚስተካከለው የሲዲው ዝንባሌ ነው፤ ቀለሞቹ ታይተው ከደበዘዙ ደግሞ ስንጥቁ ሰፍቷል።

ሁለት የጥንቃቄ ነገሮች በማንኛውም ሁኔታ አይዘለሉ። ማንም ተማሪ መሣሪያውን በቀጥታ ወደ ፀሐይ እንዳያዞር አስቀድመው በግልጽ ይከልክሉ። የጋዝ ቱቦው የሚሠራው በሺዎች በሚቆጠር ቮልት በመሆኑ መነካት ያለበት ከመብራት መስመር ተነቅሎና ቀዝቅዞ ነው።

ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ክሩ እየጋለ የሚያበራውን የድሮ አምፖል፣ ቀጥሎ የፍሎረሰንት መብራትን፣ በመጨረሻም ሃይድሮጅኑን ይመልከቱ። በመጀመሪያው ላይ ቀለማቱ ሳይቋረጡ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ይዘረጋሉ። በሁለተኛው ላይ ደማቅ መስመሮች ይወጣሉ፤ አረንጓዴው፣ 546 ናኖሜትር ላይ የሚገኘው፣ ከቱቦው ውስጥ ካለው ሜርኩሪ የሚመጣ ነው። በሃይድሮጅን ላይ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ አንድ ሐምራዊና፣ ዓይኑ ለሚረዳው ሰው፣ አንድ ደብዛዛ ጥልቅ ሐምራዊ መስመር ብቻ ይታያል። በዚህ ጊዜ ማብራሪያ አይስጡ። ያዩትን በቀለም እርሳስ ይሳሉ፤ ከዚያም «በመስመሮቹ መካከል ለምን ጨለመ?» ብለው ይጠይቋቸው። ይህ ጥያቄ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ሁሉ ስንቅ ይሆናል፤ አምፖሉ ያለ ምርጫ ሁሉንም ቀለም ሲሰጥ ሃይድሮጅን አራት ብቻ መርጦ የቀረውን የሚከለክለው ምን ቢኖርበት ነው?

እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መስመሮች እንዳሉት ለማሳየት የሂሊየምን ታሪክ መንገር ተገቢ ነው። በ1868 የፀሐይ ግርዶሽ ወቅትና ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት የተደረጉ ምርመራዎች በፀሐይ ብርሃን ውስጥ በምድር ላይ ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ጋር የማይገጥም ቢጫ መስመር አሳዩ፤ ዊልያም ራምሴ ጋዙን በምድር ላይ ያገኘው በ1895 ነበር። አንድ ንጥረ ነገር በእጅ ከመያዙ 27 ዓመት አስቀድሞ በመስመሩ መታወቁን የሰማ ተማሪ መስመር መለካት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ይገባዋል።

ከአራት ቁጥሮች ወደ መሰላል

አሁን አራቱን የሞገድ ርዝመቶች ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፦ 656.3፣ 486.1፣ 434.0 እና 410.2 ናኖሜትር። ከዚያም እያንዳንዱን ለ364.6 እንዲያካፍሉ ያድርጉ። ውጤቱ 1.800፣ 1.333፣ 1.190 እና 1.125 ይሆናል። ተማሪዎቹ እነዚህን ወደ ክፍልፋይ እንዲቀይሩ ጊዜ ይስጧቸው። 9/5 እና 4/3 ቶሎ ይገኛሉ፤ 9/8ም እንዲሁ፤ 25/21 ግን ያስቸግራል። ሥርዓቱ የሚገለጠው 4/3ን 16/12፣ 9/8ን ደግሞ 36/32 ብለው ሲጽፏቸው ነው፤ ያን ጊዜ በላይ 9፣ 16፣ 25፣ 36፣ በታች 5፣ 12፣ 21፣ 32 ይሰለፋሉ። በላይ ያሉት የ3፣ የ4፣ የ5 እና የ6 ካሬዎች ናቸው፤ በታች ያሉት እነዚያው ካሬዎች አራት አራት ተቀንሶላቸው ነው። ይህን ግጥሚያ በ1885 ያገኘው ዮሐን ባልመር በባዝል ከተማ የሴቶች ትምህርት ቤት የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ነበር፤ ቁጥሮቹ ለምን እንዲህ እንደሆኑ እርሱም አላወቀም። ይህን ሥራ ቸኩለው ራስዎ እንዳይሠሩላቸው እለምናለሁ። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢወስድም፣ ተፈጥሮ ሙሉ ቁጥር እየቆጠረች መሆኗን ተማሪው በገዛ እጁ ያገኘበት ሰዓት ስለሆነ ኋላ ላይ የሚመጣው «የኳንተም ቁጥር» የሚባለው ነገር ባዕድ አይሆንበትም።

ቀጥሎ የሞገድ ርዝመቱን ወደ ኢነርጂ መለወጥ ነው። ማክስ ፕላንክ በ1900፣ አልበርት አይንሽታይን በ1905 ያስተዋወቁትን ሐሳብ፣ ማለትም ብርሃን ኢነርጂውን በተወሰነ እሽግ እንደሚሰጥና የእሽጉ መጠን ከድግግሞሹ ጋር እንደሚያድግ፣ ባጭሩ ይንገሯቸው። ለስሌት የሚያመቸው አቋራጭ 1240ን በናኖሜትር ለተጻፈው የሞገድ ርዝመት ማካፈል ነው፤ መልሱ በኤሌክትሮን ቮልት፣ ለአቶም በሚያመቸው የኢነርጂ መለኪያ፣ ይወጣል። አራቱ መስመሮች 1.89፣ 2.55፣ 2.86 እና 3.02 ይሆናሉ። አሁን የሃይድሮጅንን እርከኖች፣ ማለትም አቶሙ ሊይዛቸው የሚችሉትን የኢነርጂ መጠኖች፣ ይስጧቸው፤ 13.6ን ለእርከኑ ቁጥር ካሬ አካፍሎ የመቀነስ ምልክት ማድረግ ነው። የመጀመሪያው −13.6፣ ሁለተኛው −3.40፣ ሦስተኛው −1.51፣ አራተኛው −0.85 ነው። ከ3.40 ላይ 1.51 ሲቀነስ 1.89 ይቀራል፤ ቀዩ መስመር ወጣ። ከ3.40 ላይ 0.85 ሲቀነስ 2.55 ይቀራል፤ ሰማያዊ አረንጓዴው ወጣ።

ይህን ሲያሳዩ ሰሌዳው ላይ ክብ አይሳሉ፤ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ርብራቡ እየተቀራረበ የሚሄድ መሰላል ይሳሉ። የርብራቡ ከፍታ የሚያሳየው ኢነርጂን ብቻ መሆኑን፣ ቦታን እንደማያመለክት ደጋግመው ይናገሩ። የመቀነስ ምልክቱም ብዙ ተማሪን ያደናግራል፤ ዜሮ ማለት ኤሌክትሮኑ ከኒውክለሱ ፈጽሞ ተላቆ በዕረፍት ያለበት ሁኔታ ነው፣ ስለዚህ −13.6 ማለት ለመላቀቅ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት የሚያስፈልገው ዕዳ ነው ብሎ ማስረዳት ይሠራል።

ሳልጠቅስ የማላልፈው አንድ ስህተት አለ። ተማሪዎች አንድ መስመር ማለት አንድ እርከን ነው ብለው ያስባሉ። «አቶሙ አራት እርከኖች ብቻ ቢኖሩት ከፍተኛው ስንት የተለያዩ መስመሮች ሊወጡ ይችላሉ?» ብለው ቢጠይቁ ብዙዎቹ አራት፣ ሌሎቹ ሦስት ይላሉ። መልሱ ስድስት ነው፤ መስመር የሚወለደው ከሁለት እርከኖች ልዩነት ስለሆነ ጥንዶቹን መቁጠር ያስፈልጋል። ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ ቁጥሩን እየለዋወጡ ቢያነሱት አይበዛም።

ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ጥያቄ ያክሉ፦ ዝቅተኛው እርከን ላይ ያለ ሃይድሮጅን 10.0 ኤሌክትሮን ቮልት የያዘ ፎቶን (አንድ የብርሃን እሽግ) ቢመጣበት ምን ይሆናል? 11.0 የያዘ ኤሌክትሮን ቢጋጨውስ? ወደ ሁለተኛው እርከን ለመውጣት 10.2 ስለሚያስፈልግ ፎቶኑ ሳይነካው ያልፋል፤ ፎቶን ወይ ሙሉ በሙሉ ይዋጣል ወይ አይዋጥም። ተጋጪው ኤሌክትሮን ግን 10.2ውን ትቶ በቀሪው 0.8 መንገዱን ሊቀጥል ይችላል። ጄምስ ፍራንክና ጉስታቭ ኸርትዝ በ1914 ኤሌክትሮኖችን በሜርኩሪ ትነት ውስጥ ሲያሳልፉ በየ4.9 ቮልቱ ፍሰቱ ድንገት ሲያሽቆለቁል ያዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ትነቱም 254 ናኖሜትር ላይ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይሰጥ ነበር። 1240ን ለ254 ቢያካፍሉ 4.88 ያገኛሉ። እርከኖቹ ያለ ብርሃን፣ በግጭት ብቻም እንደሚታዩ የሚያሳይ ሌላ ምስክር ስለሆነ ግራፉን በትልቁ አሳይቶ ጥርሶቹን ማስቆጠር መልካም ነው።

የኒልስ ቦር ሞዴልን እንደ ድልድይ መሻገር

የኒልስ ቦር የ1913 ሞዴል ታላቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ ባይሰጠው እመርጣለሁ። በቅድሚያ ችግሩን ያስቀምጡ፦ ኧርነስት ራዘርፎርድ በ1911 እንዳሳየው የአቶሙ አዎንታዊ ቻርጅ በመሃሉ ባለ እጅግ ትንሽ ኒውክለስ ውስጥ ተከማችቷል፤ በዙሪያው የሚዞር ኤሌክትሮን ደግሞ በቀደመው ፊዚክስ መሠረት ብርሃን እየለቀቀ ኢነርጂውን አጥቶ ከአንድ መቶ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ባልራቀ ጊዜ ውስጥ ኒውክለሱ ላይ መውደቅ ነበረበት። እኛም ሆንን የተቀመጥንበት ወንበር ግን አልፈረስንም። ቦር የተፈቀዱ ምህዋሮች አሉ ብሎ በመደንገግ የሃይድሮጅንን መስመሮች በትክክል አወጣ፤ ለምን እንደተፈቀዱ ግን አላስረዳም። የሁለት ኤሌክትሮኖች ባለቤት የሆነውን ሂሊየም ማስላት አልቻለም፤ የመስመሮቹን ድምቀት ልዩነትም አልነገረንም። ከዚህም በላይ በዝቅተኛው እርከን ኤሌክትሮኑ የምህዋር ዙረት ሞመንተም አለው ይላል፤ መለኪያውና የኋላው ቲዎሪ ግን ዜሮ ነው ይላሉ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ተማሪዎቹ «ቁጥሩ ልክ፣ ሥዕሉ ስህተት» ብለው በደብተራቸው እንዲጽፉ ያድርጉ።

ሞገዱና የመጨናነቅ ዋጋ

ከሁሉ በላይ ጊዜ መሰጠት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ረጅም ገመድ አንዱን ጫፍ በበር እጀታ አስረው ሌላውን ያወዛውዙ። በተወሰነ ፍጥነት ሲወዛወዝ አንድ ጉብታ፣ ሲፈጥን ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ጉብታ ሠርቶ ይቆማል፤ በመካከል ባሉት ፍጥነቶች ግን ገመዱ ዝም ብሎ ይንቦጫረቃል እንጂ ቅርጽ አይይዝም። አንድ ተኩል ጉብታ እንዲሠራ ተማሪ ይሞክር፤ ሁለቱም ጫፎች ታስረው እያለ እንደማይሆን በክንዱ ይረዳዋል። ሙሉ ቁጥር ከየት እንደመጣ አሁን ተገለጠ፦ የታሰረ ሞገድ ራሱን በራሱ ይቆጥራል። ልዊ ደ ብሮይ በ1924 ለኤሌክትሮን ሞገድ እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረበ፤ በ1927 ክሊንተን ዴቪሰንና ሌስተር ጀርመር ከኒኬል ክሪስታል ላይ የተንጸባረቁ ኤሌክትሮኖች የሞገድ ቅጥ እንደሚያሳዩ አረጋገጡ። ኤሌክትሮኖች አንድ በአንድ ተልከው በስክሪን ላይ ነጥብ በነጥብ እየተጠራቀሙ የሞገድ መስመሮችን ሲሠሩ የሚያሳየውን ምስል ካገኙ ያለ ምንም ንግግር ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ መጨረሻው ያሳዩአቸው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን አንድ ነጥብ ብቻ ያደርጋል፤ መስመሩን የሚሠራው ግን ሞገዱ ነው። ሁለቱም እውነት መሆናቸውን ከቃል ይልቅ ምስሉ ይናገራል።

ቀጥሎ «አቶሙ ለምን አይፈርስም?» ወደሚለው ጥያቄ ይመለሱ። ሞገድን በጠባብ ቦታ ማጨቅ የሞገድ ርዝመቱን ያሳጥራል፤ ያጠረ የሞገድ ርዝመት ማለት የበዛ ሞመንተም፣ የበዛም የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ማለት ነው። ኤሌክትሮኑ ከኒውክለሱ ዙሪያ በአንድ ሬዲየስ ውስጥ ተወስኗል ብለን ብንገምት የእንቅስቃሴ ኢነርጂው 0.0381ን ለሬዲየሱ ካሬ በማካፈል፣ እምቅ ኢነርጂው ደግሞ 1.44ን ለሬዲየሱ አካፍሎ የመቀነስ ምልክት በማድረግ ይገመታል፤ ሬዲየሱ በናኖሜትር፣ መልሱ በኤሌክትሮን ቮልት ነው። ክፍሉን በአራት ቡድን ከፍለው ለእያንዳንዱ አንድ ሬዲየስ ይስጡ። 0.2 የደረሰው ቡድን 0.95 ሲቀነስ 7.2 ብሎ −6.25 ያገኛል። 0.1 የደረሰው 3.81 ሲቀነስ 14.4 ብሎ −10.6 ያገኛል። 0.05 የደረሰው 15.24 ሲቀነስ 28.8 ብሎ −13.6 ገደማ ያገኛል። 0.025 የደረሰው ቡድን ግን 60.96 ሲቀነስ 57.6 ብሎ ወደ +3.4 ይወጣል፤ ስሌታቸውን የተሳሳቱ እየመሰላቸው እጅ የሚያወጡትም እነርሱ ናቸው።

አልተሳሳቱም። አራቱን ቁጥሮች በአንድ ግራፍ ላይ ሲያስቀምጧቸው ኩርባው ወርዶ ወርዶ 0.053 ናኖሜትር አካባቢ −13.6 ላይ ይደርስና መልሶ ይወጣል። ኒውክለሱ ኤሌክትሮኑን ወደ ውስጥ በሳበው መጠን ሞገዱ ይጨናነቃል፤ የመጨናነቁ ዋጋ የሚያድገው በሬዲየሱ ካሬ ተገላቢጦሽ ስለሆነ ከስበቱ ትርፍ ይበልጣል። አቶም መጠን ያለው፣ ቁስም ጠጣር የሆነው በዚህ ሚዛን ነው። ለተማሪዎቹ አንድ ነገር በታማኝነት ይንገሯቸው፦ ይህ ግምት እንጂ ሙሉ ስሌት አይደለም፤ ቁጥሩ ከትክክለኛው ጋር ይህን ያህል የተገጣጠመውም የስፋቱ መለኪያ አመቺ ሆኖ ስለተመረጠ ነው። የግምቱ ምክንያት ግን እውነተኛ ነው፤ የኤርቪን ሽሮዲንገር የ1926 ቀመርም ሙሉው ስሌት ሲሠራ ያንኑ −13.6 ይሰጣል።

የቨርነር ሃይዘንበርግን የ1927 የኢርግጠኝነት መርህ ማስተማር የሚገባውም እዚሁ ላይ ነው። መርሁን «መሣሪያችን ሻካራ ስለሆነ ኤሌክትሮኑን እናናጋዋለን» ብሎ ማስረዳት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ኤሌክትሮኑ የተወሰነ ቦታና ፍጥነት ኖሮት እኛ ብቻ ያላወቅነው እንዲመስለው ያደርጋል። ወደ ገመዱ ይመለሱ። ገመዱን አንዴ ብቻ ፈጥነው ቢመቱት አንዲት አጭር ጉብታ ትሮጣለች። «የጉብታዋ የሞገድ ርዝመት ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። የት እንዳለች በትክክል ይታያል፤ የሞገድ ርዝመት ግን አንድ የላትም፣ ምክንያቱም ራሷን አልደገመችም። ቦታው የጠበበ ሞገድ አንድ ወጥ የሞገድ ርዝመት አይኖረውም፤ መርሁ የሞገድ ጠባይ እንጂ የመሣሪያ ድክመት አይደለም።

የመገኘት ዕድል

ማክስ ቦርን በ1926 ያቀረበው ትርጓሜ፣ የሞገዱ ካሬ ኤሌክትሮኑ በዚያ ቦታ የመገኘቱን ዕድል ይሰጣል የሚለው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ እስኪገባ ግን ብዙ ይፈጃል። እኔ የምጠቀምበት ሥራ ይህ ነው። ትልቅ ወረቀት ላይ በ1፣ 2፣ 3፣ 4 ሴንቲሜትር ሬዲየስና ከዚያ በላይ ክቦች ይሳሉ። ወረቀቱን መሬት ላይ አንጥፈው ተማሪው ቆሞ ማርከሩን ጫፉን ወደ ታች አድርጎ መሃሉን እያነጣጠረ 100 ጊዜ ይልቀቅ። ነጥቦቹ በመሃል ጠቅጠቅ፣ ወደ ዳር ሳሳ ብለው ይታያሉ። አሁን በየቀለበቱ ያሉትን ይቁጠሩ። ብዙ ነጥብ የሚገኘው በመሃለኛው ክብ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀለበት ነው፤ ምክንያቱም የቀለበቶቹ ስፋት 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ ያድጋል። ቁጥሩን ለስፋቱ ሲያካፍሉ መሃሉ እንደገና አንደኛ ይወጣል።

በሃይድሮጅን ዝቅተኛ እርከን የሚሆነውም ይኸው ነው። ለእኩል ይዘት ሲሰላ ኤሌክትሮኑን የማግኘት ዕድል ከሁሉ የሚበልጠው ኒውክለሱ ላይ ነው፤ «ከኒውክለሱ በምን ያህል ርቀት?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ከሁሉ የሚበልጠው 0.053 ናኖሜትር ላይ ነው። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የሚጋጩ የሚመስላቸው ተማሪዎች ወደ ማርከሩ ወረቀት ይመለሱ። ከዚያ ምሳሌው የሚያበቃበትን ቦታ ያሳዩአቸው፦ ማርከሩ ነጥብ ከማድረጉ በፊት በአየር ላይ መንገድ ነበረው፤ ለኤሌክትሮኑ ግን እንዲህ ያለ መንገድ ቲዎሪው አይሰጠውም። አንድ ነጥብ ማለት አንድ አቶም፣ አንድ ልኬት ነው፤ መቶ ነጥብ ማለት በአንድ ዓይነት ሁኔታ የተዘጋጁ መቶ አቶሞች ናቸው።

በዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ወጥመድም መሣሪያም ይሆናል። «ይገኛል» ስንል አንድም «እዚያ አለ» ማለታችን ነው፣ አንድም «ቢፈለግ ይገኛል» ማለታችን። «ከተማው ወንዙ ዳር ይገኛል» የምንለው ማንም ባይፈልገውም ነው። ለኤሌክትሮን የሚስማማው ሁለተኛው ፍቺ ብቻ ነው። ስለዚህ በክፍል ውስጥ «ኤሌክትሮኑ እዚህ አለ» የሚለውን አነጋገር ትቼ «ብንፈልገው እዚህ የመገኘት ዕድሉ ይህን ያህል ነው» እላለሁ፤ ተማሪዎቹም በጽሑፍ መልሳቸው እንዲሁ እንዲጠነቀቁ እጠይቃለሁ። «ይዞራል» የሚለውን ግሥም ከቦር ክፍለ ጊዜ በኋላ ከሰሌዳው አወጣዋለሁ።

የኦርቢታል ሥዕሎችን ሲያሳዩ ወሰኑ ግድግዳ እንዳይመስል ይጠንቀቁ፤ ብዙውን ጊዜ የሚሳለው ዕድሉ 90 በመቶ የሚሆንበት ክልል ነው። ከኦርቢታሉ ክፍሎች መካከል ዕድሉ ዜሮ የሆነበት ቦታ ሲታይ «ታዲያ ኤሌክትሮኑ እንዴት ይሻገራል?» የሚል ጥያቄ በእርግጥ ይነሳል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ የሚያሳየው ግን ተማሪው ተመልሶ ትንሿን ኳስ እያሰበ መሆኑን ነው። ሁለት ጉብታ የሠራውን ገመድ አወዛውዘው መሃሉ ላይ ጸጥ ያለውን ነጥብ ያሳዩት፤ ሞገዱ በሁለቱም ወገን አለ፣ የሚሻገር ነገር ግን የለም።

ስፒንና የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ

ይህን ክፍል በዚህ ደረጃ አላበዛውም። ኦቶ ሽተርንና ቫልተር ገርላህ በ1922 የብር አቶሞችን ወጥ ባልሆነ ማግኔታዊ መስክ ውስጥ ሲያሳልፉ ጨረሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሳሙኤል ጎድስሚትና ጆርጅ ኡህለንቤክ ለኤሌክትሮን ስፒን የሚባል ጠባይ ሰጡት። ስፒን የኳስ ሽክርክሪት አለመሆኑን አንድ ጊዜ አጥብቀው ይናገሩ። የቮልፍጋንግ ፓውሊ የ1925 መርህ ሲጨመር በአንድ ኦርቢታል ከሁለት ኤሌክትሮን በላይ አይገባም፤ ኦርቢታሎቹም በእርከኑ ቁጥር ካሬ ስለሚበዙ 2፣ 8፣ 18 ይወጣል። ኤሌክትሮኖች በበዙ ጊዜ የመሙላቱ ቅደም ተከተል የሚለወጠው እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ መሆኑን ጠቅሶ ዝርዝሩን ለኬሚስትሪ መምህሩ መተው ይቻላል።

ለሚነሱ ጥያቄዎችና ለፈተና

«ኤሌክትሮኑ ከእርከን ወደ እርከን ሲዘል መሃል ላይ የት ነው?» ለሚለው፣ እርከን ቦታ ስላልሆነ መሃል የሚባል ስፍራ እንደሌለው፣ በሽግግሩ ጊዜ ግን ሞገዱ የሁለቱ እርከኖች ድብልቅ ሆኖ ቀስ በቀስ እንደሚለወጥ መመለስ ይበቃል። «ልኬት ሲደረግ በእርግጥ ምን ይከሰታል?» ለሚለው ደግሞ ሁለት ነገሮችን ይለዩላቸው፦ ቲዎሪው የሚሰጠው ዕድል ከሙከራ ጋር እንደሚገጥም ሁሉም ይስማማል፤ ከቁጥሩ ጀርባ ስላለው ትርጉም ግን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ተማሪ ይህን በግልጽ ሲሰማ ያልገባው እርሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቆ ይበረታል፤ በኳንተም ስም የሚነዛ ማናቸውንም ወሬ እንዳይቀበልም ድንበሩን ያውቃል።

ፈተናው የዓመተ ምህረትና የትርጓሜ ሽምደዳ ከሆነ የደከምንበት ሁሉ ይበላሻል። ከአንድ ከማይታወቅ ጋዝ የተገኙ ሦስት የሞገድ ርዝመቶችን ሰጥቶ እርከኖቹን ማስገመት፣ በስህተት የተሳለ ሥዕል ሰጥቶ ስህተቱን ማስለቀም፣ አንድን ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ «ይህ የቦር ነው ወይስ የሽሮዲንገር? በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ላይ የሰበሰቡትን ወረቀት ለየባለቤቱ ይመልሱ። ተማሪው የቀድሞ ሥዕሉን ሳይሰርዝ፣ በሌላ ቀለም በራሱ እጅ ያርመው፤ ለእያንዳንዱ እርማትም አንድ ያየውን ወይም ያሰላውን ነገር፣ መስመሩን፣ ገመዱን፣ +3.4ን ወይም የማርከሩን ወረቀት፣ በማስረጃነት ይጥቀስ። እርማቱ ትክክል ሆኖ ማስረጃ የሌለው ወረቀት ካጋጠመዎት ከዚያ ተማሪ ጋር ወደ ካርቶን ሳጥኑ ተመልሰው ሃይድሮጅኑን እንደገና አብረው ይመልከቱ።